የወደቀ ማቀፊያ፣ የቀረች ጥይት
በአፄ ምኒልክ ዘመን በሐረር በኩል ወደ መሐል አገር ከገቡት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣው ይህ መሣሪያ አንድ ጥይት ብቻ ስለሚጎርስ፣ ተኳሹ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ከዝናሩ እስኪመዝ ድረስ ለጠላት ይጋለጣል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን የያዙት ጣሊያኖች የታጠቁት ካርካኖ ግን ስድስት ጥይቶችን ከነብረት ማቀፊያቸው በአንዴ ይጎርሳል። አሜሪካኖችም በ1917 (እ.ኤ.አ.) ለሪቮልቨር ሽጉጥ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ባለ ሦስት ጥይት ማቀፊያ ሠርተዋል። ሁለት ማቀፊያ ሽጉጡን ይሞላል፤ ቀለሆቹም በአንድ ግፊት ይወጣሉ።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። የካርካኖ ማቀፊያ ከሥር የሚወድቀው የመጨረሻዋ ጥይት በርሜል ስትገባ ነው። ስለዚህ ማቀፊያው ወደቀ ማለት ጠመንጃው ባዶ ነው ማለት አይደለም። ከአያት የወረሰ ሁሉ መቀርቀሪያውን ስቦ ከኋላ በኩል ይመልከት።