እሬት በበረንዳችን፦ የአገራችንን ብርቅ ተክል በቤት ማሳደግ

«እንደ እሬት መረረኝ» ያላለ ሰው አይገኝም። እናቶቻችንና አያቶቻችን ሕፃን ጡት ለማስጣል ሲፈልጉ የጡታቸውን ጫፍ እሬት ይቀቡ ነበር፤ ሕፃኑ አንድ ሁለቴ ቀምሶ ፊቱን ያጨማድድና ይተወዋል። ቃሉ በየቤቱ አለ። ተክሉን ግን በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት የሚያድጉ ልጆቻችን አብዛኞቹ አይለዩትም። ቢያዩትም «ካክተስ ነው» ብለው ያልፋሉ።

ውኃ በቅጠላቸው የሚያጠራቅሙ ተክሎች ዛሬ በየካፌው መስኮትና በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ይታያሉ። ብዙዎቹ ዝርያቸው ከሜክሲኮ ወይም ከደቡብ አፍሪካ ነው። በሌላው ዓለም ያሉ ተክል ሰብሳቢዎች ደግሞ የሚመኙት የእኛን ነው። በአንድ የኢትዮጵያ ገደል ላይ ብቻ የሚበቅል እሬት ለእነርሱ ብርቅ ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በረንዳዬ ላይ እሬት ማሳደግ ከጀመርኩ ጀምሮ የልጅ ልጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ይሄ ከየት አገር ነው የመጣው?» እያሉ ነው። «ከዚሁ ነው» ስላቸው አያምኑኝም። ይህን ጽሑፍ ያነሣሣኝም የእነርሱ አለማመን ነው።

በስማቸው የተሳለ ካርታ

በሳይንስ «አሎ» የሚባለው የእሬት ወገን ከ500 በላይ ዝርያዎች አሉት። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ከ40 በላይ የሚሆኑት ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ የዓለም ክፍል በተፈጥሮ አይበቅሉም። ስማቸውን ለልጅ ማንበብ የአገርን ካርታ እንደማስጠናት ነው። አሎ አንኮበሬንሲስ ከአንኮበር፣ አሎ ሲናና ከደብረ ሲና፣ አሎ አዲግራታና ከአዲግራት፣ አሎ ያቬላና ከያቤሎ፣ አሎ ሃርላና ከሐረርጌዋ ሐርላ ስማቸውን ወስደዋል።

በሰው ስም የተጠሩም አሉ። አሎ ተወልደይ የተሰየመው የኢትዮጵያን ዕፅዋት መዝግቦ የማተሙን ታላቅ ሥራ ካስጀመሩት ከዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ደግሞ ዕድሜያቸውን ለእነዚህ ተክሎች የሰጡ ሰው ናቸው። አሎ አንኮበሬንሲስን እ.ኤ.አ. በ1997 ከማይክል ጊልበርት ጋር ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቁት እርሳቸው ናቸው። ከኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ጋርም ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እሬቶች ሥዕልና ፎቶግራፍ የሞላበት መጽሐፍ አሳትመዋል። በቤቱ ተክል የሚወድ ልጅ ካለ፣ ይህ ሙያ በአገራችን የከበሩ ሰዎች የሠሩበት መሆኑን ቢሰማ ይበረታታል።

ለአዲስ አበባ በረንዳ የሚስማማው የትኛው ነው? እኔ የምመክረው አሎ ደብራናን ነው። በሸዋ፣ በወሎና በጎጃም ደጋ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ሣራማና ድንጋያማ ቦታዎች ይበቅላል። ቦሌና አካባቢው 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ የሌሊቱን ብርድም የቀኑን ፀሐይም ያውቀዋል። ግንድ የለውም፤ ወፍራም ቅጠሎቹ ከመሬት ተነሥተው ዙሪያውን ይከፈታሉ፤ ሲያብብም ደማቅ ቀይ ነው። የአንኮበሩ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከገደል ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ የሚኖር ነው። በመስታወት የታጠረ ሞቃት ሳሎን ውስጥ ማኖር ቆላ ያወረዱትን ደገኛ እንደማስቸገር ይሆናል።

ከየት እናምጣው?

ይህ የጉዳዩ ዋና ክፍል ነው። ለክረምት ወይም ለበዓል አገር ቤት ስንሄድ ከመንገድ ዳር ቆፍሮ ማምጣት ለብዙዎቻችን ቀላል ይመስለናል። በሰፊ ሜዳ ላይ ለበቀለ ተክል እንኳ መልካም ልማድ አይደለም። በአንድ ገደል ላይ ብቻ ለሚኖር ዝርያ ደግሞ ጥቂት መኪኖች መቆማቸው ብቻ ትልቅ ጉዳት ነው። ከዱር የተነቀለ ትልቅ እሬት ሥሩ ተቆርጦ ስለሚመጣ በቤት የመጽደቁ ዕድልም ያነሰ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከዘር ወይም ከቡቃያ የተራባ ተክል ማግኘት ነው። ከችግኝ ሻጭ ሲገዙ «ከየት አመጣኸው?» ብለው ይጠይቁ። በእጅ የተራባ ችግኝ መጠኑ ትንሽ፣ ቅጠሉ ንጹሕ፣ ሥሩም ሙሉ ነው። ጠባሳ የሞላበት፣ ሥሩ የተገመጠ፣ ዕድሜው የገፋ ተክል ከታየ ከዱር የተነቀለ ሊሆን ስለሚችል ይለፉት። ጎረቤት ካለው ከሥሩ የወጣ ቡቃያ መለመን ከሁሉ ይሻላል።

ከውጭ የመጣ ዘመድ «አንዱን በሻንጣዬ ልውሰድ» ሲል መልሱን አስቀድመው ይወቁ። ከተለመደው አሎ ቬራ በቀር ሁሉም የእሬት ዝርያዎች ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቁ ናቸው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ያለ ፈቃድ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይዞ መውጣት በሕግ ያስጠይቃል።

አፈሩና መትከያው

ከቦሌ እስከ ሰሚትና አያት ያለው መሬት አብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። መሠረት ሲቆፈር ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በክረምት አብጦ ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ለጤፍ መልካም የሆነው ይህ አፈር በአበባ መትከያ ውስጥ የእሬትን ሥር አፍኖ ያበሰብሳል። ስለዚህ ከግቢ አፈር ቆንጥሮ መትከሉን ይተዉት።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ፑሚስ የሚባል ቀላል ጠጠር አለ፤ ለግንባታ የሚመጣው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም ያገለግላል። ከእነዚህ የአንዱን ሁለት እጅ፣ የችግኝ ሻጮች የጫካ አፈር የሚሉትን አንድ እጅ ያደባልቁ። ጠጠሩ ሲሚንቶ ያልነካው መሆኑን ያረጋግጡና አቧራው እስኪጠራ ይጠቡት።

መትከያው ከሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ ሸክላ በጎኑም ስለሚተነፍስ ቶሎ ይደርቃል። የቀለም ባልዲ ወይም የዘይት ጄሪካን ቢሆንም ይሆናል፤ ግን ከታች አራት አምስት ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ከተክሉ እጅግ የሰፋ አይሁን፤ ሥር ያልደረሰበት እርጥብ አፈር የመበስበስ መነሻ ነው። በፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች አንድ ነገር እንጨምር፦ መትከያውን በበረንዳው አጥር ጠርዝ ላይ አናስቀምጥ። ከታች ልጆች ይጫወታሉ።

በረንዳዎ ወዴት ይመለከታል?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትውልም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ናት። ወደ ደቡብ የሚመለከት በረንዳ በበጋ ፀሐይ ይሞላበታል፤ ወደ ሰሜን የሚመለከተው ደግሞ በእነዚያው ወራት ጥላ ነው። ስለዚህ የሰሜን በረንዳ ያለው ሰው በበጋ ተክሉን ወደ ሌላ መስኮት ማዛወር ይኖርበታል። ወደ ምሥራቅ የሚመለከት በረንዳ ያለው ዕድለኛ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲከደን እንኳ የጠዋቱን ፀሐይ ያገኛል።

እሬት በቀን ቢያንስ አራት አምስት ሰዓት ፀሐይ ይወዳል። ሳሎን ውስጥ የቆየውን ግን በአንድ ቀን ወደ ሙሉ ፀሐይ ማውጣት አይገባም፤ የደጋ ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምሩለት። ቅጠሉ ትንሽ ቢቀላ አያስደንግጥዎ፤ ፀሐይ የለመደ እሬት ይቀላል። ገርጥቶና ቅጠሉ ወደ አንድ በኩል ረዝሞ ከተዘረጋ ግን ብርሃን አንሶታል።

ማር ሲበዛ ይመራል

እሬትን በቤት ውስጥ የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ፍቅር ነው። ብዙ ሰው ባለበት ቤት ጠዋት አያት ያጠጣሉ፣ ቀትር ላይ የቤት ሠራተኛዋ ደርቋል ብላ ትጨምርበታለች፣ ማታ ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ በተራው ያፈስበታል። ሁሉም በቅንነት ነው። ተክሉ ግን በወሩ ይበሰብሳል።

ስለዚህ ተክሉ አንድ ባለቤት ይኑረው፤ ልጅ ቢሆን ደግሞ እሰየው። በበጋ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ይበቃዋል። የበዓላቱን ቀን በቃላቸው የሚያውቁ አያቶች ወር በገባ በ1 በልደታ፣ በ16 ደግሞ በኪዳነ ምሕረት ብለው ለልጁ ማስታወስ ይችላሉ። በክረምት ቤት ውስጥ ላለው በወር አንዴ ከበቂ በላይ ነው። ዝናብ የሚያገኘው በረንዳ ላይ ካለ ምንም አይጠጣ፤ እንዲያውም ከጣሪያ ሥር ያስጠጉት። ሲያጠጡ ከታች እስኪወጣ ድረስ ያጠጡና ሳህን ላይ የቀረውን ውኃ ይድፉ። ከማጠጣትዎ በፊት ስንጥር እስከ ታች ይሰኩ፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ቀኑ አልደረሰም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ከዚህ የሚመች ተክል የለም።

ሁለት ምልክቶችን ይለዩ። ቅጠሉ ሲሳሳና ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ተጠምቷል፤ አንድ ጊዜ ሲጠጣ ይመለሳል። ከሥሩ በኩል ሲለሰልስ፣ ሲቢጫና ውኃ ሲያዥ ግን በዝቶበታል። ያን ጊዜ ይንቀሉት፤ የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ ቢላ ቆርጠው ያስወግዱ፤ ቁስሉ እስኪደርቅ አምስት ስድስት ቀን ጥላ ላይ ያቆዩትና በደረቅ አዲስ አፈር ይትከሉት። ውኃ የሚያገኘው ከዚያ ሳምንት ቆይቶ ነው። በቅጠሎቹ መሐል ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ካዩ በአልኮል በነከረ ጥጥ ይጥረጉት።

ልጆች ባሉበት ቤት

እሬት ሁሉ መድኃኒት አይደለም። በመዋቢያ ዕቃ ላይ ስሙን የምናየው አሎ ቬራ አንዱ ዝርያ ብቻ ነው፤ የትውልድ አገሩም ዓረብ ምድር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ የሚበቅል አሎ ሩስፖሊያና የሚባል እሬት አለ፤ ጭማቂውን ሥጋ ላይ ቀብተው ጅብ ይገድሉበት እንደነበር ተጽፏል። የአሎ ቬራም ቢሆን ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ሆድ የሚያስቀምጥ ኃይለኛ ነገር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 እሬት ያለባቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች እንዲቀሩ ያደረገው ደህንነታቸው በበቂ ሁኔታ ባለመረጋገጡ ነው። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች በቤት የተጨመቀ እሬት አናጠጣ።

ከዚህ የባሰው አደጋ እሬትን ከቁልቋል ጋር ማምታታት ነው። ቁልቋል፣ ለአጥር የምንተክለው ቅንጭብ፣ በየበረንዳው ያለችው እሾሃማዋ ቀይ አበባም ሲቆረጡ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣሉ። ይህ ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። መለያው ቀላል ነው፦ ነጭ ወተት ካወጣ እሬት አይደለም። የልጅ ዓይን ከነካ ሳይዘገዩ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ማጠብና ወደ ዓይን ሐኪም መውሰድ ነው። የጡት ወተት ወይም ሌላ ነገር መጨመር አይገባም። የእሬት ቅጠልም ዳሩ ጥርስ ስላለው ከድክ ድክ ባይ ሕፃን ፊት ትይዩ አይቀመጥ።

ከዘር እስከ አበባ

እሬትን ከዘር ለማብቀል ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ነው። ዘሩን በተመሳሳዩ ጠጠራማ አፈር ላይ በትነው በስሱ ያልብሱት፤ እስኪበቅል ድረስ እርጥበቱ አይለየው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደ ሣር የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ብቅ ይላል። አበባ ለማየት ግን ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይፈጃል። እሬት በአብዛኛው በራሱ አበባ ዘር ስለማይቋጥር ሁለት ተክል ቢኖር ይበጃል፤ አንዱ በእርስዎ፣ አንዱ በጎረቤትዎ በረንዳ ላይ ቢሆንም ያው ነው። የአበባውን ማር ሊቀስሙ የሚመጡት ምንቃረ ቆልማማ ትንንሽ ወፎች ዱቄቱን ያዳርሳሉ። ከእነርሱ አንዷ በከተማችን ግቢዎች የተለመደች ስትሆን የሳይንስ ስሟን የወሰደችው ከተከዜ ወንዝ ነው።

ልጆቹን አንድ ቅዳሜ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይዘው ቢሄዱ ደግሞ መልካም ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመ ሲሆን፣ የአገር በቀል ተክሎችን ከነስማቸው ለልጅ ለማሳየት የተመቸ ቦታ ነው። ከቦሌ ራቅ ቢልም የሚያስቆጭ መንገድ አይደለም።

ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት የገባ ልጅ በእጁ የዘራው እሬት የሚያብበው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ሁሉ ነገር በስልክ በአንድ ጊዜ በሚገኝበት ዘመን አራት ዓመት ጠብቆ አበባ ማየት ራሱ አንድ ትምህርት ነው። እስከዚያው ከልጁ የሚጠበቀው በ15 ቀን አንድ ኩባያ ውኃና ከዚያ በላይ ላለመጨመር መታገሥ ነው።