የዝንብ ማጥመጃ መብራት ሲገዙ

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ምግብ ቤት የከፈቱ እናት፣ የተቅማጥ ጀርም በእግሩ ይዞ ከሳህን ሳህን የሚዞረውን ዝንብ ለመከላከል ማጥመጃ መብራት ሊገዙ አስበው ይሆናል። በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገድለው ዓይነት ዝንቡን ይበታትነዋል፤ ስብርባሪውም ከነጀርሙ ወጡ ላይ ይወድቃል። ለማድ ቤት የሚያጣብቅ ሰሌዳ ያለውን ይምረጡ። ከመስኮት ብርሃን አርቀው ይስቀሉት፤ ከደጅ የሚታይ ከሆነ ደግሞ የጎረቤትንም ዝንብ ይጠራልዎታል! ዝንብን የሚስበው ለዓይናችን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ቱቦው ደምቆ እየበራ እንኳ ይህ ጨረር ከዓመት ገደማ በኋላ ይደክማል፤ ስለዚህ መለወጫ ቱቦ መኖሩን ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁ። የጓሮውን ቆሻሻ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ያስደፉ፤ በሙቀት ወራት የዝንብ እንቁላል በ10 ቀን ገደማ ክንፍ አውጥቶ ይበራል።