«ሰማይ የሌለው አገር የለም» ያለው ደላላ

«ላይሰንስ ካለህ ምን ያስጨንቅሃል? ሰማይ የሌለው አገር የለም!» ይህን ያለው ደላላ ነው። የሰማው ደግሞ የማውቀው ልጅ፣ ዓመታት የሠራ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ። ዓረብ አገር ሥራ ተገኝቶልሃል ሲባል ኮንትራት ሳይፈርም መልቀቂያ አስገባ። «ቪዛህ በሚቀጥለው ወር ይመጣል» እየተባለ ስምንት ወር ቤቱ ተቀመጠ።

ስምንት ወር ለሌላ ሙያ ብዙም አይደለም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ደንብ ግን ተቆጣጣሪ ሥራ ካቋረጠ ሬቲንጉ (ላይሰንሱ ላይ ያለው የሥራ ብቃት ማረጋገጫ) የሚጸናው ቢበዛ ስድስት ወር ነው፤ አገሮች ሊያሳጥሩት እንጂ ሊያራዝሙት አይችሉም። የባሕረ ሰላጤው ቀጣሪዎች ደግሞ የሚፈልጉት ከሥራው ያልራቀ ሰው ነው። ልጁ ቪዛ ሲጠብቅ፣ ቪዛ የሚያሰጠው ነገር እጁ ላይ አለቀ።

የደላላው ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቦሌ ላይ «ክሊርድ ቱ ላንድ» (ማረፍ ተፈቅዶልሃል) የሚል ሰው ዶሃም ላይ ያንኑ ይላል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ኳታርም የውጭ ተቆጣጣሪ ይቀጥራሉ። አብራሪዎችም አገር ሲቀያይሩ እናያለን። ነገር ግን በ1944ቱ (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ስምምነት አገሮች አንዱ የሌላውን ፈቃድ ሊቀበሉ የተስማሙት ለአውሮፕላንና ለበረራ ሠራተኞች ነው፤ ታወር ውስጥ ያለው ሰው እዚያ የለበትም።

ሥራው ራሱ ከቦታ ጋር የተጣበቀ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስለሳሳ፣ የአውሮፕላኑ መሣሪያ ከዶሃው እኩል ፍጥነት ቢያሳይም በእውን የሚሄደው ፈጥኖ ነው። የቦሌ ተቆጣጣሪ «አሁን ይዙር» የሚለው ዓይኑ ያንን ለምዶ ነው። በስተሰሜን እንጦጦ እንዳለ ሳያስብ አውሮፕላን አያወርድም። ዶሃ ሜዳና ባሕር ነው። ስለዚህ አሥር ዓመት የሠራውም ሰው አዲስ ቦታ ሲደርስ እንደ ተማሪ ይቀመጣል፤ አሠልጣኙ ከጎኑ ሄድሴት ሰክቶ እያንዳንዷን ቃል ያዳምጣል፣ ሲሳሳት ንግግሩን ነጥቆ ራሱ ያርማል። ወራት ይፈጃል፤ የሚወድቅም አለ። ደላሎቹ ይህን ይወቁት አይወቁት እንጃ፤ ኮሚሽናቸውን ግን አስቀድመው ይቀበላሉ።

«ዲቪ ከደረሰህ አሜሪካ ትቀጠራለህ» የሚሉም አሉ። የአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ለዚህ ሥራ የሚቀጥረው ዜጋ ብቻ ነው፤ አዲስ ገቢ ደግሞ 31 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል። በ27 ዓመቱ ዲቪ የደረሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራው።

«እንግሊዝኛህ እንደ ፈረንጅ ካልሆነ አይቀበሉህም»? ኢካኦ የሚጠይቀው ከስድስት ደረጃዎች አራተኛውን ነው፤ መግባባትን እስካላደናቀፈ ድረስ የአገር ቤት ቅላጼ ችግር የለውም። አራተኛው ላይ ያለ ሰው ግን ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲፈተን ይመከራል።

 

ልጁ ለምኖ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሷል። ባለፈው ሳገኘው፣ ድሮ እርሱ ራሱ ያሠለጠነው ልጅ አጠገቡ ሄድሴት ሰክቶ እያዳመጠው እንደ አዲስ እየተለማመደ ነበር።