ፋሲል ግቢ ስትገቡ ከሰልፊው በፊት ግድግዳውን እዩት

ጎንደር ሄዶ ፋሲል ግንብ ፊት ለፊት ፎቶ ያልተነሳ ማን አለ? እኛም ተነስተናል። ባለፈው ስንገባ ግን አንድ ነገር ዓይናችን ውስጥ ቀረ፤ ግድግዳው ላይ በሹል ነገር የተጫረ ስም፣ ከጎኑ ደግሞ የልብ ስዕል። የጫረው ልጅ "ድንጋይ ነው፣ ምን ይሆናል?" ብሎ ይሆናል። ብዙ ነገር ይሆናል። ለምን እንደሆነ እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ግቢው። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጓት በ1636 እ.ኤ.አ ገደማ ነው። ብዙዎቻችን ግቢውን በሙሉ እሳቸው የሠሩት ይመስለናል። አይደለም። 900 ሜትር በሚረዝመው አጥር ውስጥ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ክብ ማማ ያለው ትልቁ ግንብ ነው የፋሲል። ከዚያ ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ፣ ቀጥሎም ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ የየራሳቸውን ጨመሩበት። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው።

አሁን ወደ ግድግዳው። ድንጋዮቹን ያያያዛቸው ኖራ ነው። ኖራ ከሲሚንቶ ይለሰልሳል፤ ግድግዳው ክረምት የጠጣውን ውሃ በጋ ላይ ቀስ እያለ ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው፣ ውሃውን ያፍነዋል። የታፈነው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል።

ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም። ጣሊያን ጎንደርን በያዘበት ዘመን ግንቦቹ ሲጠገኑ ሲሚንቶና አርማታ ገባባቸው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ በተደረገው እድሳት ያ እየተነሳ በቦታው ኖራ ተመለሰ። አስቡት፤ ለመጠገን ተብሎ የተሠራውን መልሶ መጠገን!

የኢያሱን ግንብ ስታዩ ደግሞ ቀና በሉ፤ ጣሪያ የለውም። በ1941 እ.ኤ.አ እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት ሲዋጉ የጣሉት ቦምብ ጎድቶታል።

ቦምቡ የአንድ ቀን ጉዳት ነው። ጭረት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በጭረቱ ውሃ ይገባል፣ አፈር ይይዛል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ሥሩ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ሥር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ማየት ከፈለጋችሁ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ወደሚሞላው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ውረዱ። የዛፎቹ ሥር አጥሩን እንደ እባብ ተጠምጥሞበታል። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ድንጋዩን ግን ቦታ ያስለቅቀዋል።

ስለዚህ ስትሄዱ፦

• ጠዋት ግቡ፤ ብርሃኑም ለፎቶ ይመቻል፣ ሰውም አይበዛም።
• አስጎብኚ ያዙ። ያለ ታሪኩ ግንቡ ድንጋይ ብቻ ነው።
• አጥርና ፍርስራሽ ላይ አትውጡ፤ ለቅርሱም ለእናንተም አደጋ አለው።
• ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ስታዩ የስልካችሁን ፍላሽ አጥፉ።

ስማችሁን ማስቀመጥ ካማራችሁ ፎቶው ሥር ጻፉት። ግድግዳው ላይ የሚጻፍ ስም የማንም ማስታወሻ አይሆንም፤ ለክረምቱ ዝናብ በር ከመክፈት በቀር።