ስማቸው ገና በመዝገብ ያልገባ ፍጥረቶች

ባለፈው ክረምት፥ ዝናቡ ጥቂት ባባራበት ሰዓት፥ ልጃችን አንዲት እስስት በእንጨት ጫፍ ላይ አስቀምጦ ወደ ደጃፋችን ይዟት መጣ። የቤቱ ሠራተኛ «ጣላት፥ ትተፋብሃለች!» ብላ ጮኸች፤ ዘበኛውም ድንጋይ አነሣ። ልጁ ግን እንጨቱን እንደ ያዘ ወደ እኛ ቀርቦ «አባባ፥ የዚች ስሟ ማነው?» ሲል ጠየቀን። እኛም «እስስት ናት» ብለን መለስንለት። እርሱ ግን «እስስትማ ሁሉም እስስት ነው፤ የዚች የራሷ ስም ማነው?» ብሎ እንደ ገና ጠየቀን። ቀኑን ሁሉ በጽሕፈት ቤት የባለጉዳይ ስም ስንመዘግብ የምንውል ሰዎች ስንሆን፥ ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ አጣን።

ጥያቄው ግን ጥንታዊ ነው። አዳም ለእንስሳት ሁሉ ስም እንዳወጣላቸው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። አባቶቻችንም ከጽርእ ወደ ግዕዝ ከተመለሰው ከፊሳልጎስ መጽሐፍ የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ ከነምሳሌው ተምረዋል። ዳሩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሊቃውንት መዝገብ ስማቸው የገባው የነፍሳት ዐይነቶች አንድ ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፥ ያልተመዘገቡት ከተመዘገቡት እንደሚበዙ ሊቃውንቱ ራሳቸው ይናገራሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ የሚኖሩት ሙቀትና ዝናብ በማይለያቸው አገሮች ጫካ ውስጥ ነው። ስለዚህ «አዲስ ፍጥረት ተገኘ» የሚል ወሬ በምንሰማበት ጊዜ፥ ፍጥረቱ ለመዝገቡ አዲስ ሆነ ማለት እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባናል። በጫካው ውስጥ ግን ቍጥሩ ከማይታወቅ ዘመን ጀምሮ ሲኖር ነበር፤ የአገሩም ሰው ብዙ ጊዜ በገዛ ቋንቋው ስም አውጥቶለት ይገኛል።

ይህ ምዝገባ በምን ያህል ድካም እንደሚፈጸም ለመረዳት የሁለት እንግሊዛውያንን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ዋልተር ቤትስ በ1825 ሌስተር በሚባል ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ የእግር ሹራብ በሚሠራበት ቤት ተቀጥሮ ቀን ሲሠራ እየዋለ ማታ ማታ ይማር ነበር፤ ባገኘው ዕረፍትም በየሜዳው ጢንዚዛ ይሰበስብ ነበር። አልፍሬድ ራስል ዋሌስ ደግሞ በ1844 አስተማሪ ሆኖ ወደዚያው ከተማ መጣና ተዋወቁ። ሁለቱም ርስትና ሀብት የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ በሎንዶን ሳሙኤል ስቲቨንስ የሚባል ወኪል ያዙ፤ እርሱም የሚልኩለትን ነፍሳትና አዕዋፍ ለቤተ መዘክርና ለሰብሳቢዎች እየሸጠ ገንዘቡን እንዲልክላቸው ተስማሙ። እንዲህ ተዋውለው በ1848 በግንቦት ወር የአማዞን ወንዝ ወደ ባሕር በሚወርድበት አጠገብ ወዳለችው ወደ ፓራ ከተማ፥ ወደ ብራዚል አገር ደረሱ።

ቤትስ በዚያ ያየው ነገር አስደነቀው። ከፓራ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በማይበልጥ ስፍራ 700 ያህል የቢራቢሮ ዐይነት ተገኘ፤ እርሱ እንደ ቈጠረው ግን በዚያ ዘመን በብሪታንያ ደሴቶች ሁሉ የሚታወቀው 66፥ በመላው አውሮፓም 321 ብቻ ነበር። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ለምሳው ሳይዘገይ ሊመለስ በሚችልበት ርቀት ውስጥ፥ ከአንድ ክፍለ ዓለም እጥፍ የሚበልጥ ሀብት ተቀምጦ ተገኘ ማለት ነው።

ቤትስ በየቀኑ ወደ ጫካ ሲወጣ የሚይዘውን ዕቃ ራሱ ገልጾታል። በግራ ትከሻው ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ያነግታል፤ በቀኝ እጁ የነፍሳት መረብ ይይዛል። በግራ ጐኑ ባለ ሁለት ኪስ የቈዳ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ አንደኛው ኪስ ለነፍሳት ሣጥን፥ ሁለተኛው ለባሩድና ለእርሳስ ነው። በቀኝ ጐኑም እንሽላሊት፥ እባብ፥ እንቍራሪትና ትልልቅ ወፍ የሚያንጠለጥልበት ጠፍር ያለው ከረጢት ነበረው። በሸሚዙ ላይ ደግሞ ስድስት ልክ ያላቸው መርፌዎች የተሰኩበት ትንሽ ትራስ ይሰካ ነበር። የጦር መሣሪያው ይህ ነበር፤ ዘመቻውም 11 ዓመት ቈየ።

ከዚህም ውስጥ አራት ዓመት ተኩል ያህል የተቀመጠው ኤጋ በምትባል በወንዙ ላይኛ ክፍል ባለች ትንሽ መንደር ነበር። አንድ ጊዜ 12 ወር ሙሉ ደብዳቤም ገንዘብም ሳይደርሰው ቀረ። ልብሱ አልቆ ቡትቶ ሆነ፤ በዚያ ጫካ ውስጥም በባዶ እግሩ ለመሄድ ተገደደ። አሽከሩ ጥሎት ኰበለለ፤ የቀረችውንም ገንዘብ ሌባ ወሰደበት። ቢሆንም ሥራውን አልተወም፤ በኤጋ ዙሪያ ብቻ ከ7,000 የሚበልጥ የነፍሳት ዐይነት ሰበሰበ። በ1859 ወደ አገሩ ሲመለስ የሰበሰበው ሁሉ ሲቈጠር 14,712 ዐይነት ሆነ። ከዚህም 14,000 ያህሉ ነፍሳት፥ 140ው በደረታቸው የሚሳቡና መሰሎቻቸው ነበሩ። ከጠቅላላው ከ8,000 የሚበልጠው ከዚያ በፊት በማንም መዝገብ ያልገባ ነበር።

የዋሌስ ዕጣ ግን ከዚህ የመረረ ሆነ። ሊረዳው የመጣው ታናሽ ወንድሙ በ1851 በፓራ በቢጫ ወባ ሞተ። እርሱም የአራት ዓመት ድካሙን ይዞ በ1852 በሐምሌ ወር ሔለን በምትባል መርከብ ሲመለስ፥ መርከቢቱ በውቅያኖስ መካከል ተቃጠለች። ዋሌስ ለማዳን የቻለው በአንድ የቈርቈሮ ሣጥን ውስጥ የነበሩ ጥቂት የዓሣና የዘንባባ ሥዕሎችን ነው። መርከበኞቹና እርሱ በጀልባ 10 ቀን በባሕር ላይ ከተንገላቱ በኋላ ሌላ መርከብ አገኛቸው። ወኪሉ ስቲቨንስ አስቀድሞ መድን ገብቶለት ስለ ነበረ 200 ፓውንድ ተከፈለው። ገንዘቡ ልብስና ምግብ ሆነለት፤ ስም ሳይወጣላቸው በእሳት የጠፉትን ፍጥረቶች ግን የሚመልስ መድን አልነበረም። ይህም ሆኖ ዋሌስ በ1854 ወደ ማላይ ደሴቶች ሄዶ ስምንት ዓመት ደከመ፤ ከ125,000 የሚበልጥ ናሙናም ይዞ ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው ትርፍ የስም ብዛት ብቻ አይደለም። ቤትስ የሰበሰባቸውን ቢራቢሮዎች ሲያስተያይ፥ ወፍ የማይበላቸውን መራራ ቢራቢሮዎች በመልክ የሚመስሉ፥ ነገር ግን ምንም ምሬት የሌላቸው ሌሎች ቢራቢሮዎች እንዳሉ አስተዋለ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፥ መራራውን አንድ ጊዜ የቀመሰ ወፍ የሚመስለውንም ሁሉ ይሸሻል፤ ምስኪኑም በመልኩ ምክንያት ይተርፋል። ቤትስ ይህን በ1862 አሳተመ፤ እንዲህ ያለው መመሳሰል እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሁለቱን ቢራቢሮዎች ለይቶ የመዘገበ ሰው ባይኖር ኖሮ፥ አንዱ ሌላውን እንደሚመስል ማንም ባላወቀ ነበር።

ፍጥረቱ ከተያዘ በኋላ ያለው ሥራ ከእኛ ከጸሐፊዎች ሥራ ጋራ ይመሳሰላል። ጢንዚዛው በመርፌ ተሰክቶ፥ እንሽላሊቱ በአልኮል ተነክሮ ይቀመጣል፤ የተገኘበት ስፍራ፥ ቀኑና የያዘው ሰው ስም በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ይያያዝበታል። ይህ ወረቀት የጠፋበት ናሙና ቀንና ማኅተም እንደ ሌለው ደብዳቤ ነው፤ ምስክርነቱ አይጸናም። ከዚያም ሊቁ አስቀድሞ ከተመዘገቡት ዘመዶቹ ጋራ አንድ በአንድ ያስተያየዋል። እባብ ከሆነ የቅርፊቱን ረድፍ ይቈጥራል፤ ጢንዚዛ ከሆነ የአካሉን ክፍሎች በማጉያ መነጽር ይመረምራል፤ በዘመናችንም ከሥጋው ጥቂት ወስዶ ዲ ኤን ኤውን ይመረምራል። በመጨረሻም ስዊድናዊው ካርል ሊኔ በ1758 ለእንስሳት ባጸናው ሥርዐት ሁለት ቃል ያለው ስም ይሰጠዋል፤ የፊተኛው ቃል የወገኑ፥ የኋለኛው የራሱ ነው። መግለጫው ታትሞ ሲወጣ ስሙ የተሰጠበት ናሙና በቤተ መዘክር ይጠበቃል፤ ወደ ፊት ክርክር ቢነሣ የሚጠራው ምስክር እርሱ ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የነዚህን ስም ግን የሚያወጣው ትዕግሥት ነው።

ትዕግሥቱም ረጅም ነው። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፥ ናሙናው ከተገኘበት ቀን አንሥቶ ስሙ እስከሚታተም ድረስ በአማካይ 21 ዓመት ያልፋል። በማዳጋስካር ደሴት በስተሰሜን ባለ ተራራማ ጫካ በ2012 አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጥቃቅን እስስት ተገኙ፤ ስማቸው የወጣው ግን በ2021 ነው። ወንዱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መነሻ 13.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በሰው ጣት ጫፍ ላይ ተመቻችቶ ይቆማል።

ነገሩም ከአገራችን የራቀ እንዳይመስለን። ከባሌ ተራሮች በስተደቡብ፥ የዱር ቡና በሚበቅልበት በሐረና ጫካ የምትኖር አንዲት እስስት በ1995 የሐረናን ስም ይዛ ተመዘገበች። በ2016 ደግሞ ከባሌ ተራሮች የተገኘ አንድ ትልቅ እፉኝት የዚሁኑ ጫካ ስም ተሰጠው። ለዚህ ስም መሠረት የሆኑት ከቀድሞ ዘመን ጀምሮ በቤተ መዘክር ተቀምጦ የነበረ አንድ ናሙናና በሕይወቱ ፎቶግራፍ የተነሣ አንድ ሌላ እባብ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ትልቅ እባብ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስም ሳይኖረው ከቈየ፥ በዚያው ጫካ ቅርፊትና ቅጠል ሥር ያለው ጢንዚዛማ ምን ያህል ይሆን?

የሚያሳስበውም ነገር ይህ ነው። በሞቃት አገሮች ሁሉ ጫካው ለእርሻና ለእንጨት እየተመነጠረ ነው። ብዙዎቹ ነፍሳትና በደረታቸው የሚሳቡ ፍጥረቶች ከአንድ ተራራ ወይም ከአንድ ሸለቆ በቀር ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ስሙ በመዝገብ ያልገባ ባለጉዳይ በችሎት እንደማይጠራ፥ ስም የሌለው ፍጥረትም ሲጠፋ «ጠፋ» ብሎ የሚያመለክትለት አይገኝም። የዋሌስ መርከብ በአንድ ቀን ተቃጠለች፤ ጫካው ግን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ያልቃልና ጢሱን አናስተውለውም።

ስለዚህ በየቤታችን ላሉት ልጆች አንድ ነገር ብናስተምር መልካም ይመስለናል። እባብ ሲያዩ እንዳይነኩና እንዲርቁ አጥብቀን እንምከራቸው፤ መርዙ የሚገድል አለና። ጕዳት የሌለባትን እስስትና ቢራቢሮ ግን ባዩ ቍጥር ድንጋይ እንዲያነሡ አናልምዳቸው። ከዚያ ይልቅ ደብተር እንስጣቸው፤ ቀኑን፥ ስፍራውን፥ የተቀመጠችበትን ዛፍና መልኳን ይጻፉበት። ቤትስም የጀመረው በሌስተር ሜዳ ጢንዚዛ በመልቀም ነበር።

የእኛም ልጅ በዚያ ቀን እስስቲቱን ወደ ዛፏ መልሶ፥ ዘበኛው ድንጋዩን ከጣለ በኋላ፥ ከደብተሩ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ዛሬ ከዝናብ በኋላ፥ ከደጃችን ካለው የወይራ ዛፍ፥ አረንጓዴ እስስት። ስሟን አባባ አላወቀም።» የመጨረሻውን ቃል ሰርዝ አላልነውም፤ መዝገቡ እውነተኛ ነውና።