ሞቷል የተባለው ኮራል

በቤቱ የጨው ውኃ አኳሪየም ኮራል የሚያሳድግ ሰው አንድ ጠዋት መብራቱን ሲያበራ ነጭ አጽም ብቻ ቆሞ ማግኘቱ አይቀርም። ሰሞኑን ደማቅ የነበረው ቅርንጫፍ ነጥቷል፤ በውኃው ውስጥ የሚወዛወዙት ቀጫጭን ክንዶቹም የሉም። አብዛኛው ሰው ወዲያው አውጥቶ ይጥለዋል፤ ቆጠብ ያለው ደግሞ አጥቦ መደርደሪያ ያስጌጥበታል። ሁለቱም ሳይቸኩሉ አልቀሩም። ያለፉት አርባ ዓመታት ጥናትም ሆነ የአኳሪየም ሰዎች ልምድ እንደሚያሳየው፣ ሞቱ ተብለው ከሚጣሉት ኮራሎች ጥቂት የማይባሉት ነፍሳቸው ገና አልወጣችም። ያለችው ግን ሰው በሚያይበት ቦታ አይደለም።

ኮራል ድንጋይም ተክልም ቢመስል እንስሳ ነው። አንድ ኮሎኒ የብዙ ፖሊፖች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ አንድ አፍና በአፉ ዙሪያ ክንዶች ያሉት ለስላሳ አካል ሲሆን፣ ከሥሩ ካልሲየም ካርቦኔት እያመነጨ መኖሪያውን ይገነባል። በእጃችን ስናነሳው የሚከብደን በአብዛኛው ይህ ግንባታ ነው፤ ሕይወት ያለው በላዩ የተዘረጋው ስስ ሥጋ ነው። ግንባታው ባለቤቱ ካለቀ በኋላም ይቆያል። በአገራችን በዳናክል ዝቅተኛ ምድር ዳርቻ፣ ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደ ውስጥ ዘልቆ በነበረበት ዘመን ያደጉ ኮራሎች ቅርጻቸውን እንደያዙ ዛሬም በደረቅ መሬት ላይ ይታያሉ። የአጽሙ መቆም የሕይወት ምልክት አይደለም ማለት ነው። መንጣቱም በበኩሉ የሞት ማስረጃ አይሆንም።

በሥጋው ውስጥ ዞዛንቴላ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ይኖራሉ። ከብርሃን የሚያዘጋጁት ምግብ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ ድረስ ሊሸፍን ይችላል፤ ከቀለሙም ብዙው የእነሱ ነው። ሙቀት ሲያይል ወይም መብራት በድንገት ሲበረታ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል። የሚቀረው ሥጋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነጩ አጽም ከሥሩ ወለል ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለው ኮራል ተርቧል እንጂ አልሞተም። ሁኔታው ከተስተካከለለት አልጌዎቹ እንደገና ይበዙና በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል።

መለየቱ ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መብራቱ ከጠፋ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ በትንሽ ባትሪ ከጎን ማየት ነው። ሥጋ ካለ አጽሙ ላይ ስስ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይታያል፤ ብዙ ዝርያዎችም ክንዳቸውን የሚዘረጉት በጨለማ ነው። ሥጋው ከለቀቀ ግን የአጽሙ ስለታም ጠርዞች ፈጠው ይወጣሉ፤ በቀናት ውስጥም ቡናማ ወይም አረንጓዴ አልጌ ይሸፍናቸዋል። አልጌ በሕያው ሥጋ ላይ በቀላሉ ሥር አይሰድም። በመሆኑም ሳምንት ቆይቶ አሁንም ንጹሕ ነጭ የሆነ ኮራል ተስፋ አለው፤ ፀጉር ያበቀለው ያን ያህል የለውም። ያም ቢሆን ፍርዱ የሚሰጠው በየቁራጩ ነው። አንዱ ጎን አልጌ ለብሶ በሌላው ጎን፣ ጥላ ባለበት ሥር፣ ጣት የማይሞላ ሥጋ ሊተርፍ ይችላል።

ሕይወት የት እንደምትደበቅ ያስተማሩን የባሕር ተመራማሪዎች ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአንዳንድ ኮራሎች አጽም ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ሥጋቸው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ፖራይቲስ ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ በራንጊሮዋ አቶል በ1998 ሙቀት ግዙፎቹን ፖራይቲሶች ክፉኛ ጎድቶ ነበር። ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ለመመለስ መቶ ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በ15 ዓመት ውስጥ ተመለሱ። በአጽሙ ውስጥ ተሸሽጎ የቀረ ሥጋ ወደ ላይ ወጥቶ የሞተውን ገጽ እንደገና አለበሰው። ተመራማሪዎቹ ይህን ከአመዱ በሚነሣው ወፍ ስም «የፊኒክስ ውጤት» ይሉታል።

ከሁሉ የሚገርመው ፈንጊያ ነው፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ብቻውን አሸዋ ላይ የሚኖር ኮራል። ሥጋው ሙሉ በሙሉ ለቅቆ አጽሙ አልጌ ከለበሰ ከወራት በኋላ፣ ከስንጥቆቹ መካከል የምስር ፍሬ የሚያህሉ ክቦች በአጫጭር ግንድ ላይ ብቅ ይላሉ። እያንዳንዱ በመካከሉ አንድ አፍ አለው። ሲያድጉ ግንዱን ለቅቀው ይወድቁና ራሳቸውን የቻሉ ኮራሎች ይሆናሉ። ይህ በሃዋይ ተጠንቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታተመ ነው፤ በቤት አኳሪየምም ሲደጋገም ይታያል። ፈንጊያን ቸኩሎ የጣለ ሰው የጣለው አንድ ሳይሆን ምናልባት አሥር ኮራል ነው።

በሜዲትራኒያን በስፔን ኮሉምብሬቴስ ደሴቶች ደግሞ ዲዬጎ ከርስቲንግና ክሪስቲና ሊናሬስ ክላዶኮራ የሚባለውን ኮራል ለዓመታት ተከታትለው ነበር። በ2019 እንዳስነበቡት፣ በሙቀት ከተጎዱት ኮሎኒዎች 38 በመቶ ያህሉ ውስጥ ፖሊፖቹ ከቀድሞ ቤታቸው ተሰብስበው አንሰው ነበር፤ በኋላም በአሮጌው ውስጥ አዲስ አነስተኛ ቤት ሠርተው እንደገና አደጉ። ላይ ላዩን ላየ ሰው ሞተዋል። የእስራኤሎቹ ማኦዝ ፋይንና ዳን ቸርኖቭ በ2007 ያቀረቡት ሙከራ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል። አሲዳማ በሆነ ውኃ ውስጥ ያኖሯቸው ኮራሎች አጽማቸው ሟሙቶ አለቀ፤ ፖሊፖቹ ግን ራቁታቸውን አንድ ዓመት ኖሩ፤ ወደ ተለመደው ባሕር ውኃ ሲመለሱም አጽማቸውን እንደ አዲስ ገነቡ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1982 ፖል ሳማርኮ ሴሪያቶፖራ የተባለው ኮራል ፖሊፖች ጭንቅ ሲበዛባቸው አጽሙን ጥለው አንድ በአንድ እንደሚወጡ ጽፏል። ይህ ሲሆን የተተወው ቅርንጫፍ በእርግጥ ባዶ ነው፤ ነዋሪው ግን አጠገቡ ባለ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ሁሉ ወደ ሳሎን ሲመጣ ጠባዩ ይለወጣል። ባሕር ሰፊ ነው፤ መቶና ሁለት መቶ ሊትር ውኃ ግን በአንድ ምሽት ይበላሻል። የቤት ውስጥ ኮራል ታሪክም በአመዛኙ ውኃን የማርጋት ታሪክ ነው። በጃካርታ ሊ ቺን ኤንግ በ1961 ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይ በአኳሪየም ውስጥ ውኃውን እንደሚያጣራ አስነበበ። በኋላ በበርሊን ዲትሪክ ሽቱበርና ጓደኞቹ ያንኑ ድንጋይ ከጠንካራ መብራትና ቆሻሻን በአረፋ ከሚያወጣው ስኪመር ጋር አዋሕደው አክሮፖራን የመሰለ አስቸጋሪ ኮራል ማሳደግ ቻሉ። ከእሱ ገንዳ የተቆረጡ ቅርንጫፎች ከሰው ወደ ሰው እየተላለፉ በአውሮፓ ተሰራጩ። ኮራልን ቆርጦ ማባዛት በቤት የተለመደው በዚሁ መንገድ ነው፤ የታመመውን ለማትረፍም ዛሬ ዋናው መሣሪያ መቁረጥ ነው።

ሥጋ የሚለቅበት ምክንያት ብዙ ነው። ማሞቂያ አልጠፋ ብሎ ውኃው ይግላል። ውኃ ተንኖ በንጹሕ ውኃ ሳይተካ ይቀርና ጨዋማነቱ ይጨምራል። ፓምፕ ይቆማል። አክሮፖራ የሚበላ ጠፍጣፋ ትል ይገባል። በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የሚብሰው የአልካሊኒቲ (የውኃው አሲድን የመቋቋም አቅም) መዋዠቅ ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ራሱ የሚያመጣው ነው። ኮራል በአልካሊኒቲ መለኪያ ከ7 እስከ 11 ዲኬኤች ባለው ውስጥ በየትኛውም ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ቀን ከ7 ወደ 11 ሲዘልበት ግን ጫፎቹ ይቃጠላሉ። ኮራሉ ሲነጣ የሚደነግጥ ባለቤት ደግሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መድኃኒት ይጨምራል፣ ማዕድን ይጨምራል፣ መብራቱን ይቀይራል፣ ኮራሉን በቀን ሦስት ጊዜ ከቦታ ቦታ ያነሣል። ከመጀመሪያው ጉዳት የተረፈው ብዙ ኮራል የሚያልቀው በዚህ ርብርብ ነው።

የሚበጀው መጀመሪያ መለካት ነው። ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዋማነት ከሺህ 35፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዥየም 1300 አካባቢ። የጎደለውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቀናት ከፋፍሎ መመለስ፣ ከዚያም እጅን መሰብሰብ። የነጣውን ኮራል መብራቱ ወደሚለዝብበት ዝቅተኛ ቦታ ማውረድ ይገባል፤ ፈጽሞ ማጨለም ግን ለጥቂቶቹ የቀሩ አልጌዎች ሞት ነው። የውኃው እንቅስቃሴ ቆሻሻውን የሚያነሣ፣ ሥጋውን ግን የማይገርፍ ይሁን። ናይትሬትና ፎስፌትን ወደ ዜሮ ለማውረድ የሚሯሯጡም አሉ፤ አልጌዎቹ እንደገና ለመብዛት ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ያስፈልጋቸዋል።

ምግብ ለአንዳንዱ ፈውስ ነው። ቱባስትራያ የተባለው ብርቱካንማ ኮራል አልጌ የለውም፤ ካላጎረሱት በረሃብ ይጠወልጋል። አጽም ብቻ የቀረ የሚመስለው እንኳ፣ ማታ ማታ አርቴሚያ የተባለችው ደቃቅ የጨው ውኃ ፍጥረት በቀጭን ቱቦ ወደ አፉ ስትደርሰው ቀስ በቀስ ሊከፈት ይችላል። አፉን መክፈት ያልቻለ ኮራል ላይ ምግብ ማፍሰስ ግን ውኃ ማቆሸሽ ነው።

ሥጋው ከሥር ወደ ላይ እየተላጠ የሚሄድ ቅርንጫፍ አይጠበቅም፤ ይቆረጣል። የሚቆረጠው በሞተውና በሕያው ድንበር ላይ ሳይሆን ከድንበሩ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ጤነኛው ላይ ነው፤ ድንበሩ ላይ ያለው ሥጋ ጤነኛ ቢመስልም ታሟል። ከዚያ ወፍራም ሱፐር ግሉ በተቆረጠው ፊት ላይ ተደርጎ በትንሽ ድንጋይ ላይ ይተከላል። ቁራጩ ማነሱ አያስፈራም። በፍሎሪዳ «ሞውት» በተባለው የባሕር ቤተ ሙከራ ዴቪድ ቮን በ2000ዎቹ አጋማሽ አንድ ኮራል ከገንዳ ሲያነሣ ሰብሮት ጥቂት ፖሊፖች ወለሉ ላይ ቀሩ። አልቆላቸዋል ያላቸው ፖሊፖች ብዙም ሳይቆይ ተባዝተው አገኛቸው። ከዚያ ወዲህ ኮራልን ወደ ደቃቅ ቁርጥራጭ መክፈል በሪፍ ማገገሚያ ሥራ የታወቀ ዘዴ ሆኗል፤ የተቆረጠ ጠርዝ ቁስሉን ለመድፈን በፍጥነት ያድጋልና።

ተስፋ የማይጣልባቸውም አሉ። ፖሲሎፖራና ዘመዶቹ ሥጋቸው ስስ፣ አጽማቸው ድፍን ስለሆነ መሸሸጊያ የላቸውም፤ አንዴ ሙሉ በሙሉ ከተላጡ አበቃ። ዩፊሊያ ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ከታየና ከሸተተ ደግሞ ወደ ጎረቤት የሚተላለፍ በሽታ ነው። ኮራሉ በዚያው ቀን ወጥቶ በሌላ ዕቃ ውስጥ ይታጠባል፤ በገንዳው ውስጥ ማራገፍ ለሌሎቹ ማዳረስ ነው። የሚበሰብስ ሥጋ አሞኒያ ስለሚለቅም ከፊል ውኃ መቀየርና ከሰል ማስገባት ይከተላል።

ከዚህ ውጭ ያለውን ባዶ አጽም ለጥቂት ወራት ጥግ ላይ መተው ምንም አያስከፍልም። ማጽዳት የፈለገ ሰው ግን ድንጋዩን ከቶ አያፍላ፤ በሙቅ ውኃም አይፈግፍግ። በድንጋዩ ላይ ፓሊቶዋ የሚባሉት የኮራል ለስላሳ ዘመዶች ቀርተው ከሆነ ፓሊቶክሲን የተባለውን እጅግ ኃይለኛ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ በእንፋሎትም ወደ ሳንባ ይገባል። በአሜሪካ፣ አላስካን ጨምሮ፣ በዚሁ ምክንያት ሆስፒታል የገቡ ቤተሰቦች ነበሩ። ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ መስኮት ከፍቶ፣ በቀዝቃዛ ውኃ መሥራት ነው።