የጉድጓድን ሆድ የሚያሳይ ካሜራ፦ ጀማሪ ምን መርጦ ይግዛ?

ጎብዬ፦ የመስኖ ሽንኩርት ራስ መቋጠር በጀመረበት ሳምንት ፓምፑ ማሳል ይጀምራል። ትናንት ቧንቧውን ሞልቶ ይወጣ የነበረው ውኃ ዛሬ ይቆራረጣል፤ ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ የጠብታ መስኖው ቀዳዳዎችም አንድ በአንድ ይደፈናሉ። አርሶ አደሩ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ፓምፑን ነው። ፓምፑ ይወጣል፣ ይጠገናል፣ ካልሆነም በሌላ ይተካል። ጥፋቱ የጉድጓዱ ከሆነ ግን አዲሱም ፓምፕ ብዙ ሳይቆይ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

ከመሬት በታች ያለውን ሳያዩ መገመት የሚያስከትለውን ኪሳራ ለመቀነስ የውኃ ባለሙያዎች ካሜራ ወደ ጉድጓድ ያወርዳሉ። መሣሪያው በባሕርና በሐይቅ ውስጥ ፎቶ ከሚነሣበት ካሜራ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የሚያስቸግሩትም ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው፦ የውኃ ግፊት፣ ጨለማ እና ድፍርስ። ጥገና የሚሠሩ ወጣቶች፣ ማኅበራት እና የእጅ ጉድጓድ ያላቸው ቤተሰቦች ይህንን መሣሪያ ለመግዛት ሲያስቡ ዓይናቸው የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ በምስሉ ጥራት ላይ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን እርሱ አይደለም።

ጉዳዩ ለራያ ቆላ ለምን እንደሚገባ ከመሬቱ አፈጣጠር መረዳት ይቻላል። ሜዳው በምዕራብ ካለው ከፍተኛ ተራራ እና በምሥራቅ ካለው የዞብል ሰንሰለት መካከል የተኛ ነው። ጎርፍ ለዘመናት ከተራራው ጠርጎ ያወረደው ጠጠር፣ አሸዋ እና ሸክላ ተደራርቦ ሞልቶታል። የከርሰ ምድር ውኃውም በዚሁ ደለል ውስጥ ይገኛል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በጥልቅ ጉድጓዶች ላይ የተመሠረተ የጠብታ እና የርጭት መስኖ በአካባቢው ሲያስፋፋ የተመካው በዚህ ውኃ ላይ ነው። የከተማዋን ስም የሚጋራው፣ አቀንጭራን የሚቋቋመው "ጎብዬ" የተባለው የማሽላ ዝርያ በዝናብ አጠር መሬት ይታወቃል፤ ሽንኩርት እና ቲማቲም ግን እንደ ማሽላ አይታገሡም፤ ውኃቸው በቀኑ መድረስ አለበት። በደለል ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ውኃ የሚያስገባው ወንፊት ቧንቧ ከተቀደደ አሸዋው ተከትሎ ይገባል፤ ወንፊቱ በኖራ ወይም በዝገት ከተደፈነ ደግሞ ውኃው በደጅ እያለ ጉድጓዱ ይጠማል።

ካሜራው የሚያሳየው እነዚህን ነው። የተደፈነ ወንፊት፣ የተሰነጠቀ ቧንቧ፣ ከታች የተከመረ አሸዋ፣ ረጅም ጊዜ ሳይሠራ በቆየ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ገመድ ወይም ድንጋይ፣ እንዲሁም ውኃው የሚጀምርበት ትክክለኛ ከፍታ በምስሉ ላይ ይታያሉ።

ገዥ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ካሜራው ስንት ሜትር ውኃ ይችላል የሚለውን ነው። በውኃ ውስጥ እያንዳንዱ 10 ሜትር በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ጫና ይጨምራል። 100 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ለምሳሌ ቢወሰድ እና ውኃው የሚጀምረው ከአፉ 30 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢሆን፣ ከታች የሚቆመው ውኃ 70 ሜትር ነው። ጫናው በካሬ ሴንቲ ሜትር 7 ኪሎ ይሆናል። የካሜራው የፊት መስታወት 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በእርሱ ላይ ብቻ 175 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ተጭኖበታል ማለት ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው የጉድጓዱ ጠቅላላ ጥልቀት ሳይሆን የውኃው ቁመት ነው። በዚህ ስሌት መሠረት አንዳንድ ጊዜ ርካሹ መሣሪያ ሊበቃ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ውድ የተባለውም አይበቃም።

"ውኃ አያስገባም" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግርም። በዕቃው ላይ "አይ ፒ 67" ተብሎ ከተጻፈ በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው። "አይ ፒ 68" ከዚያ የበለጠ ነው፤ ጥልቀቱን ግን አምራቹ ራሱ ይወስነዋልና መመሪያው መነበብ አለበት። በዘመናዊ ስልኮች ላይ ያለው ይህ ምልክት ስልኩ በድንገት ውኃ ውስጥ ቢወድቅ እንዲተርፍ የታሰበ ነው፤ ስልክን በገመድ አስሮ ወደ ጉድጓድ መስደድ ስልክ መጣል ነው። ጎፕሮን የመሰሉ ትናንሽ ካሜራዎች በቅርብ ዓመታት የወጡት ያለ ተጨማሪ መያዣ እስከ 10 ሜትር፣ ለጠላቂዎች በተሠራው መያዣቸው ደግሞ እስከ 60 ሜትር ይወርዳሉ። ለእጅ ጉድጓድ ከበቂ በላይ ናቸው፤ ችግራቸው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ችግሩም ይህ ነው፦ ዋይፋይ ውኃን አያልፍም። በአየር ላይ ምስሉን ወደ ስልክ የሚልከው ካሜራ ውኃ ውስጥ እንደገባ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ተጠቃሚው ካሜራው የት እንደደረሰ እና ምን እንደሚያይ ሳያውቅ በጨለማ ያወርደዋል፤ ካወጣው በኋላ የተቀረጸውን ሲያይ የሚፈልገው ቦታ አምልጦት ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ለጉድጓድ ሥራ ምስሉን በኬብል ወደ ላይ የሚያመጣ መሣሪያ ይመረጣል። ኬብሉ በየሜትሩ ምልክት ወይም ቆጣሪ ሊኖረው ይገባል። ቧንቧው ተሰንጥቋል ብሎ ማወቅ ግማሽ ዕውቀት ነው፤ በስንተኛው ሜትር ላይ እንደተሰነጠቀ ካልታወቀ ጠጋኙ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ካሜራው በምስል ኬብሉ ላይ ብቻ መንጠልጠልም የለበትም። ጠንካራ የናይለን ገመድ ወይም የማይዝግ ሽቦ ክብደቱን ይሸከም፤ ኬብሉ ዘና ብሎ አብሮ ይውረድ።

ከግፊቱ እና ከኬብሉ ቀጥሎ መብራት ይመጣል። ሻጮች "ፎር ኬ" ስለሚባለው የምስል ጥራት ብዙ ይናገራሉ፤ በጉድጓድ ውስጥ ግን ከዚያ ይልቅ የመብራቱ አቀማመጥ ዋጋ አለው። በአቧራማ መንገድ ላይ ሌሊት የሚጓዝ መኪና መብራቱን ሲያበረታ አቧራው ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይታያል። በድፍርስ ውኃም እንዲሁ ነው። መብራቱ ከመስታወቱ ጎን ተጣብቆ ከሆነ ከፊት ያለውን እያንዳንዱን የአሸዋ ቅንጣት ያበራና ምስሉን በረዶ የሚወርድበት ያስመስለዋል። ብርሃኑ ሊቀነስ እና ሊጨመር የሚችል፣ ቢቻል ከመስታወቱ ትንሽ ራቅ ብሎ የተገጠመ መብራት ያለው ይመረጥ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ውስጥ አነስተኛ የኤል ኢ ዲ መብራት ይበቃል፤ ግድግዳው በሚርቅበት የእጅ ጉድጓድ ግን ደካማ መብራት ከጨለማው አያልፍም። ካሜራው ባለ ቀለም መሆኑም ቅንጦት አይደለም። ነጭ ቅርፊት ብዙ ጊዜ የኖራ ክምችትን፣ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ልጥልጥ ነገር ደግሞ ብረት ወዳድ ባክቴሪያን ያመለክታል። ሁለቱ የተለያየ ሕክምና ይፈልጋሉ፤ በጥቁርና ነጭ ምስል ግን ሁለቱም ግራጫ ናቸው።

ውኃ መጠንንም ያሳስታል። ጠፍጣፋ መስታወት ባለው ካሜራ የሚታይ ነገር ከትክክለኛ መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎ ይታያል፤ የካሜራው የእይታ ስፋትም ይጠብባል። የሦስት ጣት ስንጥቅ የአራት ጣት ሊመስል ይችላል። ማስመሪያን በበርሜል ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ከተለያየ ርቀት ቀርጾ መያዝ በኋላ ለማነጻጸር ይረዳል።

ወደ ምርጫው ሲገባ፣ በገበያ "ኢንዶስኮፕ" ተብለው ከስልክ ጋር በዩ ኤስ ቢ የሚገናኙት ቀጫጭን ካሜራዎች በርካታዎቹ የ5 ወይም የ10 ሜትር ኬብል አላቸው፤ የውኃ ችሎታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ "አይ ፒ 67" ብቻ ነው። የቧንቧ ውስጥና የጉድጓድን ደረቅ ክፍል ለማየት ይጠቅማሉ፤ ጠልቀው እንዲሠሩ መጠበቅ ስሕተት ነው። ለእጅ ጉድጓድ እና ለኩሬ ለጀማሪ የሚሻለው ለዓሣ አጥማጆች የተሠራው፣ የራሱ ስክሪን እና ከ15 እስከ 30 ሜትር ኬብል ያለው ዓይነት ነው። ከዚህ የሚጠልቁት፣ በመጠምጠሚያ የሚወርዱት እና ወደ ጎን ዞረው ወንፊቱን ፊት ለፊት የሚያሳዩት እውነተኛ የጉድጓድ ካሜራዎች ለአንድ አርሶ አደር አይመከሩም። በዓመት ሁለት ቀን ለሚሠራ መሣሪያ ያን ያህል ገንዘብ ማሰር ትርፍ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የሚቋቋሙ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በጋራ ሊገዙት ወይም በኪራይ ሊያሠሩበት ይችላሉ፤ ይህ የበለጠ ያዋጣል።

በጥልቅ ጉድጓድ ላይ ከካሜራው ይልቅ የሚያስወጣው ፓምፑን ማውጣት ነው። ፓምፑና ቧንቧው ባሉበት ካሜራ በጎን ማስገባት ኬብሉ ተጠምጥሞ እንዲቀር ያደርጋል። ስለዚህ ፓምፑ ለጥገና በሚወጣበት ቀን ካሜራው ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ አለበት። ፓምፑ እንደወጣ ውኃው ይደፈርሳልና ረግቶ እስኪጠራ፣ ቢቻል እስከ ማግሥቱ መታገሥ ያስፈልጋል። አውራጁ እጁን ቀስ ካላደረገም ካሜራው ግድግዳውን እየነካ የጠራውን መልሶ ያደፈርሰዋል።

አዲስ የተገዛ መሣሪያ በቀጥታ ወደ ጉድጓድ አይወርድም። መያዣው የሚከፈት ከሆነ ካሜራውን አውጥቶ ደረቅ ሶፍት በውስጡ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ካሜራው ወደሚሠራበት ጥልቀት አውርዶ ማውጣት ይበጃል። ሶፍቱ ከረጠበ ጥፋቱ በሶፍት አለቀ። ብዙውን ጊዜ ውኃ የሚገባው በጎማ ቀለበቱ በኩል ነው፤ አንዲት የጸጉር ክር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ትበቃለች። ቀለበቱ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ በስሱ የሲሊኮን ቅባት ይቀባ።

ካሜራው በተጣበቀ ጊዜ የሚመጣው ፈተና ከሁሉም የከፋ ነው። እርሱን ለማውጣት ሰው ወደ እጅ ጉድጓድ መግባት የለበትም። በጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ሊያንስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊተኛ ይችላል፤ በአቅራቢያው ወይም በውስጡ የነዳጅ ሞተር ሠርቶ ከሆነ ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ፋኖስ አውርዶ መፈተን ኦክስጅን ማነሱን ሊጠቁም ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ነበልባሉን አያጠፋውም፤ ፋኖሱ እየበራ ሰው ይሞታል። አንዱ ወድቆ ሌላው ሊያወጣ ሲገባ ሁለቱም የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። የካሜራው ጥቅም ራሱ ሰው ሳይገባ ማየት ነውና ጠፍቶ ቢቀር ይቅር። የፓምፑ ኤሌክትሪክም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከምንጩ ይቋረጥ።

የሚጠጣ ውኃ ባለበት ጉድጓድ ካሜራው፣ ኬብሉና ገመዱ ከመግባታቸው በፊት በተበጠበጠ በረኪና ተጠርገው በንጹሕ ውኃ መለቅለቅ አለባቸው። ያለዚህ ጥንቃቄ የአንዱ ጉድጓድ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከሥራ በኋላም መሣሪያው ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ የጉድጓዱን መለያ፣ ቀኑንና የውኃውን ከፍታ በወረቀት ጽፎ ለካሜራው ማሳየት የሚቀጥለው ዓመት ቀረጻ የሚነጻጸርበት ነገር እንዲኖረው ያደርጋል። ምስሉ ኖራ ወይም ብረት ካሳየ የአሲድ ወይም የክሎሪን እጥበቱ ለውኃ ባለሙያ ይተዋል፤ ወንፊቱ ተቀድዶ ከሆነ ግን እጥበት አያድነውም፤ ባለሙያው ቀረጻውን አይቶ ቧንቧው ይጠገን ወይም ሌላ ጉድጓድ ይቆፈር እንደሆነ ይወስናል።